ሚያዝያ ሲቃረብ ሐውልቱን ቀለም አትቀቡት

ሚያዝያ 27 ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ዓመቱን ሙሉ ፍየል ሲታሰርበት የከረመው የቀበሌው የአርበኞች ሐውልት ድንገት ይታወሳል። ጥቂት ኩንታል ስሚንቶና ሁለት ጋሎን ዘይት ቀለም ይገዛል። ስንጥቁ ይመረጋል፣ ግንቡ ይቀባል፣ የአጥሩ ብረት አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይሆናል። በበዓሉ ዕለት ያምራል። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ቀለሙ እንደ ቆዳ ይገሸለጣል፣ ሲገሸለጥም የድንጋዩን ፊት ይዞ ይነሣል። ፊቱ ላይ ስም ተቀርጾ ከነበረ ስሙም አብሮ ይሄዳል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ድንጋይ ከመሬትም ከዝናብም ውሃ ይጠጣል፣ በበጋ ደግሞ በፊቱና በመጋጠሚያው በኩል ይተነፍሰዋል። የድሮ ግንበኛ መጋጠሚያውን በኖራ የሞላው ውሃው በዚያ እንዲወጣ ነበር። ኖራው ከድንጋዩ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ የሚበላው እሱ ነው፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ይቀየራል። ስሚንቶና ዘይት ቀለም ይህን በር ይዘጋሉ። ውሃው በድንጋዩ ፊት በኩል ለመውጣት ይገደዳል፣ ያዘለውን ጨው ከፊቱ ሥር ያከማቻል፣ ጨው ሲደርቅ ያብጣል፣ ያኔ ድንጋዩ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። የጎንደር ግንቦችም ይህን አይተዋል፦ በጣሊያን ወረራ ዘመን በስሚንቶና በኮንክሪት ከተጠገኑት ክፍሎች ውስጥ ኋላ ላይ ወደ ኖራ የተመለሱ አሉ።

ሥራው የሚጀመረው በወረቀትና በእርሳስ ነው። መሮ ኋላ ይመጣል። የማይጨውን ጦርነት፣ መጋቢት 22 ቀን 1928ን፣ ወይም ከዚያ በኋላ የነበሩትን አምስት የአርበኝነት ዓመታት በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ለአንዳንዱ ቀበሌ የእብነ በረዱ ሰሌዳ የቀረ ብቸኛ የስም ዝርዝር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድም ጠብታ ውሃ ሳይነካው እያንዳንዱን መስመር ፎቶ አንሡ። ጥሩው ሰዓት ፀሐይ ስትወጣ ወይም ስትጠልቅ፣ ብርሃኑ ሰሌዳውን ከጎን ሲልሰው ነው። ሰሌዳው ጥላ ውስጥ ከሆነ ማታ ሂዱና የእጅ ባትሪ ከሰሌዳው ጋር አስተኝታችሁ ከአራቱም ጎን አብሩበት፤ ቀን የማይታየው ፊደል ጥላ ይጥላል። በጠመኔ ወይም በዱቄት ፊደሉን መሙላት ለፎቶ ያምራል፣ ግን ጠመኔው እየፋቀ ጠርዙን ይበላል፣ ዱቄቱ ደግሞ የሻጋታ ምግብ ነው።

ጽሑፉ ወደ ወረቀት ሲገለበጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የእኛ ፊደል ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትጠፋው ራሱ ላይ ያለችው ቀጭን ጭረት ናት። «ጀ» «ደ» ትሆናለች፣ «ሸ» «ሰ»፣ «ቸ» «ተ»፣ «ኘ» «ነ»። አበጀ የተባለ ሰው በሚቀጥለው ጥገና «አበደ» ተብሎ ቢጻፍ የልጅ ልጆቹ ይቅር አይሉም። አጠራጣሪውን ፊደል በቅንፍ ያዙ፣ ከቤተሰብና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር አመሳክሩ። የመጀመሪያው ጠራቢ «ኃይለ» ብሎ ከጻፈ «ኃይለ»፣ «ሀይለ» ብሎ ከጻፈ «ሀይለ» ነው፤ ሆሄ ማረም የጠጋኝ ሥራ አይደለም።

ፈቃዱ ላይ ብዙ አንዘግይ፤ ግን አይዘለልም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚሠራ ጥገና የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ አስቀድሞ ይፈልጋል። መንገዱ የሚጀምረው ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ሐውልቱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከሆነ ሰበካ ጉባኤውም አብሮ ይጠየቃል። ሌላም ነገር አለ፦ አንዳንድ ሐውልት ከሥሩ አጽም አለ። ለውሃ መውረጃ ስትቆፍሩ አጥንት ከታየ ዶማው እዚያው ይቆማል፣ ሸፍኑት፣ ለቤተሰብና ለጽሕፈት ቤቱ ይነገር።

ቀጥሎ ሐውልቱ ከምን እንደተሠራ መለየት ነው፤ መድኃኒቱ እንደየዓይነቱ ነውና። ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱን ታገኛላችሁ፦ በኖራ ወይም በስሚንቶ የተያያዘ ጥርብ ድንጋይ፣ በፌሮ የቆመና ከላይ የተለሰነ ኮንክሪት፣ በሁለቱም ላይ የተለጠፈ የእብነ በረድ ሰሌዳ። የኖራ ዘር ያለበትን ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለመለየት ወድቆ ከተገኘ ስባሪ ላይ ሎሚ ጨምቁ። ቢፈላ እብነ በረድ ወይም በሃ ድንጋይ ነው፣ ዝም ካለ ጥቁር ድንጋይ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ የጠነከረበት ድንጋይ ነው። ሙከራው በስባሪው ላይ ብቻ ነው። ያ አረፋ ድንጋዩ ሲሟሟ የምታዩት ነውና ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የሰድር አሲድ በሰሌዳ ላይ ፈጽሞ አይፈሱም። የሰድር አሲዱ ሌላም ጣጣ አለው፦ በውስጡ ያለው ክሎራይድ የተባለ የጨው ዘር ወደ ኮንክሪቱ ዘልቆ ፌሮውን ያዝገዋል።

አሁን ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። በመዶሻ እጀታ እንጨት ግንቡን በቀስታ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ልስኑ ከጀርባው የለቀቀበት ነው፣ በጠመኔ ክበቡት። ከመሬት እስከ ጉልበት ነጭ ዱቄት ከታየ ውሃው ከታች እየወጣ ነው፤ ያንን ሳታቆሙ ላዩን መጠገን ገንዘብ መበተን ነው። በብዙ ቦታ ጥፋተኛው ዙሪያውን የፈሰሰው የስሚንቶ ወለል ነው። መሬቱ በራሱ ፊት መተንፈስ ሲያቅተው እርጥበቱን በግንቡ በኩል ይልካል። ከግንቡ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ወለል አንሡ፣ 30 ሳንቲ ቆፍሩ፣ በታጠበ ጠጠር ሙሉ፣ መሬቱም በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ከሐውልቱ እየራቀ ዝቅ ይበል። ነገር ግን ከመሠረቱ ሥር አትውረዱ፤ የመሠረቱ ጥልቀት ካልታወቀ መጀመሪያ በአንድ ጥግ ትንሽ ጉድጓድ ከፍታችሁ እዩ።

መሬቱ ዋልካ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ጥቁር አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ያብጣል፣ ሐውልቱም አብሮት ይተነፍሳል። ቱንቢ ጣሉና ምን ያህል እንዳዘነበለ መዝግቡ። ስንጥቁ ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ነጥብ በእርሳስ አድርጉ፣ በመሐላቸው ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለኩ፣ ቀኑን ጻፉ። ጥር ላይ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ድገሙት። በበጋ ከፍቶ በክረምት የሚገጥም ስንጥቅ ሕያው ነው፤ በስሚንቶ ብትሞሉት ድንጋዩ በሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። ለእንደዚህ ያለው ለስላሳ የኖራ ሙሌት ይበቃል፣ ይልቅስ ውሃ ከመሠረቱ እንዲርቅና በአሥር ሜትር ውስጥ ያለ ባሕር ዛፍ እንዲነሣ አድርጉ። ማዘንበሉ ከዓመት ዓመት የሚጨምር ከሆነ ግን የግንበኛ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል፣ መሐንዲስ ይጠራ።

ማጽዳት ላይ የሚበዛው ስህተት ጉልበት ነው። የሽቦ ብሩሽ ፊደሉን ይፍቃል፣ የሚቀረው የብረት ብናኝም በክረምት ዝጎ ቡናማ ነጥብ ይሆናል። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ውሃ ደግሞ ኖራውን ከመጋጠሚያው አውጥቶ ይጥላል። በረኪናና የዱቄት ሳሙና ነጭ ያደርጋሉ፣ ግን የሚተዉት ጨው ያንኑ የልጠት በሽታ ይጀምራል። የሚያስፈልገው ንጹሕ ውሃ፣ ለስላሳ የቃጫ ብሩሽና የተሳለ የቀርከሃ ቁራጭ ነው። መጀመሪያ ደረቁን አቧራ ጥረጉ። ከዚያ ግንቡን ከታች ወደ ላይ አርጥቡት፤ ከላይ ብትጀምሩ ቆሻሻው በደረቁ ድንጋይ ላይ እየፈሰሰ መስመር ይሠራል። ሲታጠብ ግን ከላይ ወደ ታች ይለቀለቃል።

የድንጋይ ሽበት፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው፣ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ለስላሳውና ቅጠል መሳዩ ከራሰ በኋላ በቀርከሃ ይነሣል። እንደ ቀለም የተለጠፈው ቅርፊታሙ ግን ሥሩ ድንጋዩ ውስጥ ነው፣ በግድ ሲነሣ የድንጋዩን ቅንጣት ይዞ ይመጣል። እሱን ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ በተባለው ሽበት ገዳይ ፈሳሽ፣ ወደ 2 በመቶ አቅጥናችሁ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን መርጨት ይሻላል። ቡናማ ሆኖ እስኪሞት ሳምንታት ይወስዳል፣ ከዚያ በብሩሽ ይወርዳል። ጓንትና መነጽር ይደረግ፣ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ወንዝ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ። ሁሉንም ነገር መጀመሪያ በጀርባ በኩል፣ 20 በ20 ሳንቲ በሆነች ቦታ ሞክሩት። ፊደሉን የማይሸፍን ሽበት ደግሞ ቢቀር ማንንም አይጎዳም፤ እንደ እኛ አስተያየት አንዳንዱ ሐውልት ያምርበታልም።

ወደ ኖራው እንምጣ፤ ጥገናው የሚበላሸው እዚህ ነውና። ገበያ ላይ በጆንያ የሚሸጠው ኖራ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ አይታወቅም። አየር የነካው ኖራ ወደ በሃ ድንጋይነት ይመለሳል፣ ያን ጊዜ ነጭ አፈር እንጂ ኖራ አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ ማንኪያ ኖራ ኮምጣጤ ውስጥ ጨምሩ። ትኩስ ኖራ እምብዛም አይፈላም፣ በኃይል ቢፈላ ሞቷል፣ መልሱት። ከእቶን የወጣና ውሃ ያልነካው ቋጥኝ ኖራ ከተገኘ የተሻለ ነው። 10 ኪሎው ወደ 20 ሊትር ሊጥ ይወጣዋል። በግማሽ የብረት በርሜል 30 ሊትር ያህል ውሃ አድርጉና ኖራውን ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ወደ ውሃው ጨምሩ። ውሃውን በኖራው ላይ ማፍሰስ ክልክል ነው፣ ይፈነዳል። ይፈላል፣ ይንተከተካል፤ ሕፃናት ይራቁ፣ ጓንትና መነጽር ሳይደረግ ማንም አይቅረብ። ዓይን ከገባ ወዲያው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ መታጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ከበረደ በኋላ በወንፊት ይጠለላል፣ ላዩ ላይ ጣት የሚያክል ውሃ ቆሞበት ተከድኖ ቢያንስ ሦስት ወር ይቀመጣል። ለጥቅምት ሥራ ኖራው ሰኔ ላይ ይዘጋጅ ማለት ነው።

አሸዋው የወንዝ ሆኖ ጠርዘኛ ይሁን። በጠርሙስ ግማሽ አሸዋ፣ ውሃና ቆንጥር ጨው አድርጋችሁ ናጡትና አሳድሩት። ከላይ የሚቀመጠው ጭቃ ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ ይታጠብ፤ ጭቃ የበዛበት ድብልቅ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ድብልቁ በልክ 1 ኖራ፣ 2½ አሸዋ፣ ½ ደግሞ በደንብ የተፈጨ የሸክላ ጡብ ወይም የቀይ አሽ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት ኖራውን ውሃ ባለበትም እንዲጠነክር ይረዳዋል፣ የእኛ ደጋ ዝናብ ሲመጣ ለውጡ ይታያል። ለምሳሌ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነና አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው መደብ አራት ጎኑ 12 ካሬ ሜትር ነው። መጋጠሚያው አንድ ሳንቲ ተኩል ሰፍቶ ሦስት ሳንቲ ቢጠልቅ በካሬ ሜትር ወደ 4 ሊትር ድብልቅ ይገባል። ብክነቱን ጨምራችሁ 60 ሊትር ግድም አስቡ፦ 20 ሊትር ኖራ፣ 50 ሊትር አሸዋ፣ 10 ሊትር ዱቄት። ውሃ አትጨምሩ ማለት ይቻላል፤ ሊጡ ውስጥ ያለው ይበቃል፣ የሚፈለገው በአካፋ ጀርባ ለረጅም ጊዜ መደብደብ ነው። ሠራተኛ ሰነፍ ሲሆን ውሃ ይጨምራል፣ ውሃው ሲተን ስንጥቅ ይተካል።

አሮጌውን ሙሌት ስታወጡ ከመጋጠሚያው የጠበበ መሮ ተጠቀሙ። ግራይንደር ፈጣን ነው፣ ግን የድንጋዩን ጠርዝ አንድ ጊዜ ከነካ የማይድን ቁስል ያወጣል። ጥልቀቱ ቢያንስ የስፋቱ ሁለት እጥፍ፣ በምንም መንገድ ከ25 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን። ላዩን ብቻ ለብ ለብ ማድረግ ከመጀመሪያው ክረምት አያልፍም። ከዚህ ቀደም የገባ ስሚንቶ ድንጋዩን ሳይጎዳ የማይወጣ ከሆነ ተዉት፣ ራሱ እስኪለቅ ይቆይ። ጉድጓዱን አቧራውን አውጡ፣ ከምሽቱ ጀምሮ አርጥቡት፤ ደረቅ ድንጋይ የኖራውን ውሃ ጠጥቶ ዱቄት ያደርገዋል። ድብልቁን በ15 ሚሊ ሜትር ንብርብር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ፣ ከድንጋዩ ፊት ጥቂት ገባ ብሎ ይጨረስ። አውራ ጣት ተጭኖት ምልክት ሳይቀር ጥፍር ግን ሲገባበት፣ በጠንካራ ብሩሽ ጫፍ ደብድቡት፤ ስንጥቁን ይዘጋል፣ ፊቱንም ለመተንፈስ ክፍት ያደርገዋል። ከዚያ በረጠበ ጆንያ ሰባት ቀን ይሸፈን፣ ጆንያው ግን ግንቡን አይንካ።

ወቅቱ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲያቆም፣ ጥቅምት ጥሩ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም ደጋ ህዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ያልጠነከረ ኖራ ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ሲሆን ድብልቁን ይበትነዋል። ከ5 ዲግሪ በታች አይሠራ። የካቲትና መጋቢት ይቻላል፣ ግን ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ጥላ መሥራትና በቀን ሦስቴ ውሃ መርጨት ይጠይቃል። ሚያዝያ ላይ ለበዓል ተብሎ የተጣደፈ ኖራ የሚያልፍለት አይመስለንም።

ሐውልቱ ኮንክሪት ከሆነ ግን እስካሁን ያልነው ተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ስሚንቶ በቦታው ነው፣ ኖራ አይሠራም። ችግሩ ፌሮው ነው። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚፈልግ ሽፋኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ከጎኑ ያለው ደህና የሚመስል ኮንክሪት በእርግጥ ደህና መሆኑን ለማወቅ አዲስ በተቦደሰ ፊት ላይ 1 በመቶ ፌኖልፍታሊን የተባለ ቀለም ቀያሪ ፈሳሽ ጠብ አድርጉ፤ በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤተ ሙከራ ይገኛል። ወይን ጠጅ መሳይ ሮዝ ከሆነ ኮንክሪቱ ፌሮውን እየጠበቀ ነው፣ ቀለም ካልቀየረ ጥበቃው አልቋል። የሞተውን ክፍል ከፌሮው ጀርባ ሁለት ሳንቲ እስኪገባ አውጡ። ግማሹን ዝገት ከጀርባ ትቶ ፊቱን መመረግ የታወቀ ስህተት ነው፣ ሦስት ዓመት አይሞላም እንደገና ይፈነዳል። ፌሮውን እስኪያበራ ፋቁ፣ የስሚንቶ ቅባት ቀቡት፣ 1 ስሚንቶ ለ 3 አሸዋ በሆነ ደረቅ ድብልቅ በቀጫጭን ንብርብር ሙሉ፣ ሰባት ቀን አርጥቡ።

የእብነ በረድ ሰሌዳ ሲሰበርም አብዛኛውን ጊዜ የያዘው የብረት ችንካር ዝጎ ነው የሚሰብረው። አዲሱ ካስማ የማይዝግ ብረት ወይም ነሐስ ይሁን። የአክሱም ሐውልት በ1997 ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ሲተከል ክፍሎቹን ያያያዙት ከኬቭላር፣ ከማይዝግ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ቃጫ፣ የተሠሩ ካስማዎች ናቸው፤ የዝገትን ጣጣ ለማስቀረት ይህን ያህል ይታሰባል። ማጣበቂያው በካስማው ቀዳዳ ውስጥ ብቻ ይግባ። ስባሪው ሁሉ፣ ጥፍር የምታክለውም ሳትቀር፣ ቁጥር ተሰጥቷት በጨርቅ ትቀመጥ።

ፊደሎቹን እንደገና በመሮ ማጥለቅ አንመክርም። በእያንዳንዱ ጊዜ የመጀመሪያው ጠራቢ እጅ ይጠፋል፣ ሰሌዳውም ይሳሳል። የተቀረጸው ደህና ከሆነ በቀጭን ብሩሽ ጥቁር ፈዛዛ ቀለም በፊደሉ ውስጥ ብቻ ይበቃል። የወርቅ ቀለም የሚባለው አብዛኛው የነሐስ ዱቄት ነው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቡናማ ይሆናል። የማይነበብ ከሆነ አዲስ ሰሌዳ አሠርታችሁ ከጎኑ አቁሙ፣ አሮጌው በቦታው ይቆይ። ነሐስ ላለበትም፣ ስድስት ኪሎ ባለው የየካቲት 12 ሐውልት ላይ እንዳሉት ያሉ ቅርጾች ላይ፣ አረንጓዴውን ሽፋን ማሸት ጥፋት ነው፤ ነሐሱን የሚጠብቀው እሱ ነው። በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ ደርቆ ስስ ሰም ይቀባል።

ከዚህ በኋላ ያለው የዓመት ጠባቂነት ነው፣ ብዙ አያስወጣም። ጧፍ የሚበራበት ቦታ በጎን በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጥለት፤ የፈሰሰ ሰም ደርቆ በቀርከሃ ይነሣል፣ በሙቅ ውሃ ግን ወደ ድንጋዩ ይሰርጋል። ግንቦት ሳይገባ መውረጃው ይጠረግ። የበዓሉ የአበባ ጉንጉን ደግሞ ከውስጡ ሽቦ ነው፦ አበባው ደርቆ ይረሳል፣ ሽቦው እስከ መስከረም በእብነ በረዱ ላይ ይዝጋል፣ ክብ ቡናማ ማኅተሙም የሚለቅ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ይነሣ። የተረፈውን ኖራ ውሃ አቁማችሁበት በተከደነ በርሜል አኑሩት፤ ለከርሞ ዛሬ ከነበረው ይሻላል።